ላብ እና የሕይወት ውኃ

ነገርን ነገር ያነሳዋል። የዛሬውን ነገር ያነሳብኝ ጎንደር ከተማ የተጠራሁበት የአንድ ወዳጄ ልጅ ምርቃት ነው። ዶሮ ወጡ ተበልቶ፣ ጠላው ተቀምሶ፣ ቡናው ሊፈላ ሲል ከአሜሪካ የመጣው የተመራቂው አጎት ሦስት ጠርሙስ ውስኪ አወረደ። ማውረድ ብቻ አይደለም፤ አስተማረን። «ጋሼ፣ ይሄኛው ሲንግል ሞልት ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተኛ። ይሄ ብሌንድድ ነው። ያ ደግሞ ቦርቦን ይባላል፤ የአሜሪካ ነው» እያለ አንድ በአንድ አስረዳን። ትሑት ልጅ ነው፤ ለማሳወቅ እንጂ ለመታየት አልነበረም። እኛም ቅኔ እንደሚፈታለት የቆሎ ተማሪ ጸጥ ብለን አዳመጥነው።

ገለጻው ሲያበቃ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ «ለመሆኑ የእኛስ አረቄ ስንት ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀልድ መሰላቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም። መልሱን አውቀዋለሁ። ከዚያ ቤት ከነበረው ሰው ሁሉ ይልቅ ሳላውቀው አልቀርም። ሆኖም አልመለስኩም፤ ብርጭቆዬን ይዤ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ሳሰላስል ነው ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት።

ያደግሁት ድብ ባሕር ነው። ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚወርድ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሶ ከገደሉ ሥር የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ናት። መንገዱን ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን እየፈለፈለ የሠራው ነው። በእኔ ልጅነት የጭነት መኪና ሹፌር ሊማሊሞን ከመውጣቱ በፊት ድብ ባሕር ይቆማል፤ ወርዶም ይቆማል። ሊወጣ ሲል ልቡን ለማደፋፈር፣ ሲወርድ ደግሞ ተመስገን ለማለት። በሁለቱም ጊዜ የሚፈልገው ያንኑ አንድ ነገር ነው። እናቴ ያንን ነገር ታወጣ ነበር።

አዎን፣ አረቄ ይወጣል ነው የሚባለው። ጠላ ይጠመቃል፤ ጠጅ ይጣላል፤ አረቄ ይወጣል። እናቴ ከደባርቅ ገበያ የደጋ ገብስ ታስመጣለች። አርጥባ፣ ሸፍና ታበቅለዋለች፤ ብቅሉን አድርቃ ትፈጨዋለች፤ ከጌሾ ጋር ትጠነስሰዋለች። ከዚያ የቆላውን ዳጉሳ ወይም ማሽላ አስፈጭታ፣ አብስላ ትጨምርበታለች። ድፍድፉ ሲደርስ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ከአናቱ የሸምበቆ ቱቦ ይወጣል፤ የቱቦው ጫፍ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተነከረ ዕቃ ይገባል። እንፋሎቱ በሸምበቆው ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ጠብ፣ ጠብ ይላል። እሳቱ ከበዛ አረቄው ያራል፤ ካነሰ አይወርድም። ስለዚህ ሌሊቱን እሳት መጠበቅ ነው። የመጀመሪያዋን ጠብታ መሬት ላይ ታፈስሳታለች። ለምን ስላት፣ «እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር» ትለኛለች፤ ሌላ መልስ አልነበራትም።

እንግዲህ ለአዛውንቱ ያልሰጠሁት መልስ ይህ ነው። አረቄ በአወጣጡ ሁለት ነው፤ ተራና ዳግም። ተራው አንዴ የወጣው ነው። ዳግሙ ተራው እንደገና ማሰሮ ገብቶ የወጣው ነው፤ ይበረታል። በእህሉ ካየነው የገብስ አለ፤ የዳጉሳ አለ፤ የማሽላ፣ የበቆሎ፣ የስንዴ አለ። ጎጃም ውስጥ የግብጦ አረቄ አለ። የማር አረቄ አለ። ለመድኃኒት ተብሎ የሚጠጣ፣ ምሬቱ ፊት የሚያስጨማድድ የኮሶ አረቄ አለ። በአገሩ ካየነው ደብረ ብርሃን በአረቄዋ ስሟ የታወቀ ነው፤ አርሲ ነገሌ በካቲካላዋ፣ ካቲካላው በሚፈጀው ማገዶም ጭምር። በፋብሪካ የሚወጣው፣ አኒስ አኒስ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ዓይነት አውቆ በመለኪያ የሚለይ ሕዝብ፣ «አረቄ ስንት ዓይነት ነው?» ሲባል ይስቃል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቃል ላይ ትንሽ ልቁም። አረቄ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። ዐረቅ ማለት ላብ ነው። ከቱቦው ጫፍ ጠብ የሚለው ነገር ግንባር ላይ የሚወርድ ላብ መስሎ ስለታያቸው ነው። የማውጣቱን ዕውቀት ያራቀቁትም በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የዐረብ ጠቢባን ናቸው። አልኮል የሚለው ቃል ራሱ የእነሱ ነው፤ አል-ኩሕል። አዎ፣ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል! መጀመሪያ የላመውን የኩል ዱቄት ብቻ የሚጠራው ስም፣ በኋላ ከማንኛውም ነገር ተጣርቶ ለወጣው ረቂቅ ሁሉ ዋለ፤ በመጨረሻም መጠጡ ላይ ረጋ። ዕውቀቱ ወደ አውሮፓ ሲሻገር መነኮሳትና መድኃኒተኞች ተቀበሉት፤ በላቲን «አኳ ቪቴ» አሉት፤ የሕይወት ውኃ። የስኮትላንድና የአየርላንድ ሰዎች ይህንኑ በጌሊክ ቋንቋቸው «ኡሽከ ባሃ» ብለው ተረጎሙት። እንግሊዝ አፉ አልገራለት ብሎ ቆረጠውና ውስኪ ሆነ። በስኮትላንድ የመንግሥት መዝገብ ላይ በ1494 (እ.ኤ.አ.) ጆን ኮር ለሚባል መነኩሴ የሕይወት ውኃ የሚያወጣበት ብቅል እንደተሰጠው ተጽፎ ይገኛል። ልብ በሉ፤ ብቅል ነው የተሰጠው። እናቴ ከደባርቅ ታስመጣው የነበረው ያው ገብስ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። በ1770 (እ.ኤ.አ.) በየካቲት ወር አንድ ስኮትላንዳዊ የእኛን ሊማሊሞ ሽቅብ ወጥቶ ጎንደር ገባ። ጄምስ ብሩስ ነው። ዛሬ የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በድብ ባሕር አካባቢ ያለውን ዳገት ሲያያዘው በአገሩ ያለው ውስኪ ምን ይመስል ነበር? ጠርሙስ የለው፣ ምልክት የለው፣ ዕድሜ የለው። ገበሬው ከአዝመራው የተረፈውን ገብስ ያበቅልና ለራሱና ለጎረቤቱ በቤቱ ያወጣ ነበር፤ ለቤት ፍጆታ ማውጣት እስከ 1781 ድረስ አልተከለከለም። አዝመራ ሲበላሽም መንግሥት ጣልቃ ይገባ ነበር፤ በ1757 እህል ስለጠፋ ፋብሪካዎች ከእህል መጠጥ እንዳያወጡ ታግደዋል። በአጭሩ፣ በብሩስ ዘመን የስኮትላንድ ውስኪና የእኛ አረቄ የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ሁለቱም ከምንቸቱ እንደወጡ ውኃ የመሰሉ ነጭ፣ ሁለቱም ጉሮሮ የሚፍቁ፣ ሁለቱም የቤት ውስጥ ሥራ።

ታዲያ የት ላይ ተለያዩ?

የቤት ውስጡ ማውጣት ሲከለከልና ቀረጡ ሲከብድ ስኮትላንዶች ወደ ጫካ ገቡ። በየሸለቆው እየተደበቁ ማውጣት፣ በሌሊት በፈረስ እየጫኑ መሸጥ የአገር ሥራ ሆነ። አስቂኙ ነገር ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤድንብራን ሲጎበኙ ካልጠጣሁ ያሉት የግሌንሊቬትን ውስኪ ነው ይባላል፤ ይኸውም ሕገ ወጡን! በዓመቱ፣ በ1823፣ አዲስ አዋጅ ወጣ። ቀረጡ ተቀነሰ፤ አሥር ፓውንድ የከፈለ ፈቃድ ያገኛል ተባለ። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል የግሌንሊቬት ገበሬ በ1824 ቀድሞ ፈቃድ አወጣ። ጎረቤቶቹ ከዳን ብለው ሊያቃጥሉት ስለዛቱበት ለብዙ ጊዜ ሽጉጥ ታጥቆ ይዞር ነበር። ሕጉ ግን አሸነፈ። አውጪው ከጫካ ወጥቶ ስም፣ ቤትና አድራሻ ያለው ሰው ሆነ።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ ልምጣ፤ የልጁን ትምህርት በእኛ ቤት ቋንቋ ልድገመው። ሞልት ማለት ብቅል ነው። የገብስ ብቅል ብቻ፣ ሌላ እህል ሳይነካው፣ በመዳብ ምንቸት የወጣ ነው። ሲንግል መባሉ የአንድ ፋብሪካ መሆኑን ለመንገር ነው። የስኮትላንዱ ሞልት በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ማለትም ዳግም ነው። የአየርላንዱ በልማዱ ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ ለዚህ እኛም ስም አላወጣንለትም። አውጪው መጀመሪያ የሚወርደውንና መጨረሻ የሚወርደውን ይለየዋል፤ ለመጠጥ የሚያስቀረው መካከለኛውን ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ለጤና የማይበጅ ነገር ይበዛበታል። ይህን ሳነብ እናቴ መሬት ላይ የምታፈስሳት ጠብታ ታየችኝ።

አንዳንዱ ሞልት ጭስ ጭስ ይላል። በተለይ አይላ የምትባለው የስኮትላንድ ደሴት ውስኪ። ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ ተቆፍሮ በሚነድ አፈር ጭስ ስለሆነ ነው። የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን ያየ ጎንደሬ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ግሬን የሚባለው ከበቆሎ፣ ከስንዴና ከመሳሰሉት የሚወጣው ነው። በ1830 ኤኒያስ ኮፊ የተባለ የአየርላንድ የቀረጥ ሹም የነበረ ሰው፣ ምንቸቱን በረጅም የብረት ዓምድ የሚተካ መሣሪያ አስመዘገበ። ምንቸት በሞላ ቁጥር ባዶ ሆኖ እንደገና መሞላት አለበት፤ የኮፊ ዓምድ ግን ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ይሠራል። የሚወጣው ቀላል፣ ርካሽና ብዙ ነው። ብሌንድድ ደግሞ የሞልቱና የግሬኑ ቅልቅል ነው። በዓለም በብዛት የሚጠጣው የስኮትላንድ ውስኪ ይኸው ነው፤ የእኛ ቀዩና ጥቁሩ ጆኒም ከዚህ ወገን ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን ውስጥ ግሬኑ ውስኪ ነው አይደለም ተብሎ ችሎት ድረስ ተካሰሱበት፤ በ1909 አንድ የንጉሥ ኮሚሽን ነው ብሎ ዘጋው። የአሜሪካው ቦርቦን ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፤ የሚተኛውም ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ነው።

ብሌንድዱን የፈጠሩት እነማን እንደሆኑ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለ ግሮሰሪዎች ናቸው! ጆን ዎከር በ1820 ኪልማርኖክ በምትባል ከተማ ሻይና ቅመም የሚሸጥ ግሮሰሪ ከፈተ። የአበርዲኖቹ የቺቫስ ወንድማማቾችም፣ የኤድንብራው ባላንታይንም ባለ ግሮሰሪ ነበሩ። ሻይን ከሻይ ቀላቅሎ ጣዕሙን ዓመቱን ሙሉ አንድ ማድረግ የለመደ እጅ፣ ውስኪውንም እንዲሁ አደረገው። እኛ አገር ግሮሰሪ ሲባል ለምን መጠጥ ቤት እንደሚታሰበን ለሚገርመው ሰው፣ ነገሩ በስኮትላንድም ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ጨረሰው። ኮኛክ የለመደው የለንደን ባለጸጋ ጉሮሮው ደረቀ፤ ፊቱን ወደ ውስኪ አዞረ። የገበሬው መጠጥ የጌቶች የሆነው ያኔ ነው።

ዋናው ነገር ግን ዕድሜው ነው። ውስኪ ከምንቸቱ ሲወርድ ቀለም የለውም ብያለሁ። ወርቃማውን ቀለም፣ የጣዕሙንም ትልቁን ክፍል የሚሰጠው የሚተኛበት የኦክ እንጨት ነው። በየዓመቱ ከበርሜሉ ሁለት በመቶ ያህሉ ይተናል፤ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ጠርሙሱ ላይ 12 ዓመት ከተባለ፣ ከተቀላቀሉት ውስጥ የመጨረሻው ለጋ 12 ዓመት ተኝቷል ማለት ነው። ይህ መተኛት በሕግ ግዴታ የሆነው በ1915 ነው፤ ያውም ስለ ጣዕም ተጨንቀው ሳይሆን በጦርነቱ ጊዜ ስካርን ለመቀነስ ብለው ነው። መጀመሪያ ሁለት ዓመት፣ በዓመቱ ሦስት ተባለ። ዛሬም ስኮች ለመባል ሦስት ዓመት መተኛት ግድ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ ንባብ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ውስኪ ማለት መጠበቅ የቻለ አረቄ ነው። ለመጠበቅ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነገ መጥቶ ምንቸትህን የሚሰብር እንደሌለ ማወቅ ያስፈልጋል። ባንክ ያስፈልጋል። በርሜል ሞልተህ አሥር ዓመት ቆልፈህበት ስትኖር የምትበላው ሊኖርህ ይገባል። እናቴ ማክሰኞ ያወጣችውን አረቄ ረቡዕ ካልሸጠችው ሐሙስ የምትገዛበት ገብስ የላትም። የእኔ ደብተርና እርሳስም የላትም። አረቄዋ ለጋ ሆኖ የቀረው ሙያ አጥታ አይደለም፤ ጊዜ የሚያበድራት አጥታ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ1977 ዓ.ም. ልጅ ብሆንም ነፍስ አውቄያለሁ። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ተከበረ። በዚያው ሰሞን ለበዓሉ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጠርሙስ ውስኪ ወደ ኢትዮጵያ እየተጫነ ነው ተብሎ በእንግሊዝ ጋዜጦች ተዘገበ። በወሩ የወሎና የትግራይ ረሃብተኛ ምስል ዓለምን አስለቀሰ። ዘገባውን ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሳነበው ግን ወዲያው ያሰብኩት የእናቴን ማሰሮ ነው። በዚያ ዓመት እናቴ አረቄ አላወጣችም። እህሉ ተወዶ ስለነበር ብቻ አይደለም፤ ያለችንም ትንሽ ዳጉሳ ነበረች። «ሰው ያልበላውን እህል ለእሳት አልሰጥም፤ እግዜሩስ ምን ይለኛል?» አለችና ማሰሮውን አጥባ ደፋችው። ሹፌሮቹ መጥተው በር ሲመቱ ቡና ታፈላላቸው ነበር። ድኻ ሆነን የከረምንበት ዓመት ነው።

እናቴን ቅድስት ላደርጋት አይደለም። አረቄ ስንት ቤት እንዳፈረሰ፣ ስንቱን ጎበዝ በጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ እንዳደረገ ድብ ባሕርም ጎንደርም ያውቀዋል። ውስኪውም ቢሆን በዓመት ብዛት አይጸድቅም፤ ጉበት ላይ ሲደርስ ሲንግል ሞልትና ተራ አረቄ አይለያዩም። እሷም ይህን ታውቅ ነበር። በሕይወቷ አንድ መለኪያ አልቀመሰችም። ሽቅብ ሊማሊሞን የሚወጣ ሹፌር መጥቶ «እትዬ፣ አንድ ቅጂልኝ» ሲላት፣ «መጀመሪያ ቁልፍህን ስጠኝ፤ ታድራለህ» ትለዋለች። የሰጠው ይጠጣል፤ ቁልፉ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ያልሰጠው ተሳድቦ ሌላ ቤት ይሄዳል። መኪና ገደል ገባ የሚል ወሬ ሲመጣ አስቀድማ የምትጠይቀው «ማን ቤት ነው የጠጣው?» ብላ ነው። የሷ ቤት እንዳልሆነ እስክትሰማ ድረስ ፊቷ አመድ ይመስላል። እንግዲህ ይህ ነው በላቧ ያደግሁባት ሴት የነገሯ ክብደት። ገንዘቡ እንጀራችን ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣውም ሰውን ሊገድል ከሚችል ነገር ነው።

እኔስ? ስምንተኛ ክፍል ሆነን አንድ ፎርም እንድንሞላ ተሰጠን። «የእናት ሥራ» የሚል መስመር አለው። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ አባት አስተማሪ ነበሩ፤ ወረቀቴን እንዳያየው በክንዴ ሸፈንኩና «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባም እንደዚያው ጻፍኩ። መምህር ከሆንኩ በኋላ ስለ ልጅነቴ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ «እናቴ ትንሽ ንግድ ነበራት» እል ነበር። ተማሪዎቼን ስለ እውነተኛነት ሳስተምር ማለት ነው። በዚያ የምርቃት ቤት ዝም ያልኩትም አረቄን ስለማላውቅ አልነበረም። ከየት እንዳወቅሁት እንዳልጠየቅ ነው።

እናቴ ዳግሙን የምታስቀምጠው ከአንድ ሹፌር ባገኘችው ባዶ የቫት 69 ጠርሙስ ውስጥ ነበር። ጠርሙሱን በጣም ትወደው ነበር፤ ዕለት ዕለት ትወለውለዋለች። ጽሑፉን ማንበብ ስለማትችል አንድ ቀን፣ «ምን ይላል ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ውስኪ ይላል» አልኳት። «እሱ ደግሞ ከምንድን ነው የሚወጣው?» አለች። ያኔ ስላላወቅሁ፣ «የፈረንጅ ነገር ነው» ብዬ ተገላገልኩ። ከብቅል ነው እማዬ፤ ካንቺው ከገብስ ብቅል ነው ብዬ ለመመለስ ዛሬ የለችም።

ለአዛውንቱ ግን እመልሳለሁ። አባቴ፣ አረቄያችን ብዙ ዓይነት ነው፤ ከላይ እንደዘረዘርኩት። እንዴት አወቅህ ካሉኝም፣ እናቴ ድብ ባሕር አረቄ አውጪ ነበረች።